«እጃችሁን ታጠቡ» ላላችሁን፤ ማስታጠቢያው የት አለ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለምንሠራበት ሆስፒታል ሥራ አመራር
ግልባጭ፦ ነገሩ ለሚያገባው የደሴና የአካባቢው ሕዝብ

የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

የሆስፒታሉን ስም እዚህ አንጽፍም። ገበና አደባባይ ማውጣት አይደለም ሐሳባችን። ደሴ መሆኑን ግን አንደብቅም። እናንተም ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ ገና ከርዕሱ ታውቁታላችሁ።

ያጻፈን ነገር ይኼ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከሌሊት ተረኝነት ስንወጣ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የ11 ሰዎች ስም ተለጥፎ አገኘን። ርዕሱ «በእጅ ንጽሕና ጉድለት የተገኘባቸው ሠራተኞች» ይላል። ዘጠኙ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ነን። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከስማችን ሥር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠን ተጽፏል። ከተደገመ የተረኝነት ክፍያችን ይቆረጣል። ሰሌዳው ያለው ደግሞ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ነው። ካርድ ሊያወጣ የተሰለፈ ሁሉ አነበበው።

የዚያኑ ዕለት ማታ የአንድ በሽተኛ እህት አንዷን ባልደረባችንን «ስምሽ የተለጠፈው አንቺ ነሽ አይደል? እባክሽ ወንድሜን ሌላ ሰው ይያዘው» አለቻት። ባልደረባችን መድኃኒት ክፍል ገብታ አለቀሰች። በልጅቷ ግን አንፈርድባትም። ወንድማችን ቢሆን እኛም እንደዚያው እንል ነበር።

መጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። እጃችንን ሳንታጠብ በሽተኛ ነክተን እናውቃለን። አንድ ጓንት አጥልቀን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሄደን እናውቃለን። ጓንት ያጠለቀ ሰው የታጠበ ይመስለዋል፤ ይኼ ክፉ ልማድ ነው። ጓንቱ የሚከላከለው የእኛን እጅ እንጂ የሚቀጥለውን በሽተኛ አይደለም። ከወለቀ በኋላም መታጠብ ግድ ነው። ይኼን ሁላችንም ተምረነዋል፣ ፈተናም አልፈንበታል። ስለዚህ «አልበደልንም» ብለን አይደለም የምንጽፈው።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑንም ከማንም በላይ እናውቃለን። እኔ ይህን ደብዳቤ በሁላችን ስም የምጽፈው ለ14 ዓመት ነርስ ሆኜ የሠራሁ ነኝ። ከሁሉ አንድ ልጅ አይረሳኝም። ሐረጎ ላይ ሞተር ተገልብጦበት፣ ራሱን ተመቶ መጣ። አልጋ 3 ተኛ። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ በመተንፈሻ ማሽን (ቬንትሌተር) ይተነፍሳል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ደህና ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመረው። አክታው ወፈረ፣ ቀለሙም ተለወጠ። ራጅ ሲነሣ መጀመሪያ ያልነበረ የሳንባ ምች ታየ። በሳምንቱ አልጋ 2 ያለውም ያዘው። ከዚያ አልጋ 4።

የልጁ አባት ከወረኢሉ በኩል ናቸው። መድኃኒቱ እኛ ጋ ስላልነበረ ከውጭ ነበር የሚገዙት። አንድ በሬ ሸጡ። አንድ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጠበቁኝና «ልጄ፣ አሁን የሚያሰቃየው ይዞት የመጣው ነው ወይስ እዚህ ያገኘው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ነበረኝ እንጂ፣ አፌ አላወጣውም። «ይሻለዋል አባባ» ብዬ አለፍኩ።

ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። ግን በሳምንት ይወጣል ያልነው 24 ቀን ተኛ። በማን እጅ እንደተላለፈበት ማረጋገጥ አይቻልም። ጀርም ግን እግር የለውም። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው በሰው እጅና በዕቃ ነው። ያን ሳምንት አልጋ 3ን የነካ እጅ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የእኔም።

ይኼ የእኛ ክፍል ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች 15ቱ እዚያው ሌላ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል ይላል። በሀብታሞቹ አገሮች 7 ናቸው። ከተያዙት ከአሥር አንዱ ይሞታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላይ ነገሩ ይብሳል። የእኛ በሽተኛ በአፉ ቱቦ፣ በአንገቱ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ፣ በሽንቱ ሌላ ካቴተር ገብቶለታል። ሁሉም በር ነው። በሩን የሚከፍተው ደግሞ የእኛ እጅ ነው።

እንግዲህ ቅሬታችን እነሆ።

አንደኛው ውሃው ነው። ስድስት አልጋ ላለው ክፍል አንድ መታጠቢያ አለ፤ እሱም በሩ ሥር። ድሮ ቧንቧው በክርን የሚከፈት ነበር። ሲሰበር በእጅ የሚጠመዘዝ ገጠሙበት። ስለዚህ እጃችንን በሳሙና አሽተን፣ አጥበን፣ በንጹሕ እጃችን ያንኑ በቆሻሻ እጃችን የከፈትነውን እንዘጋለን። የእጅ ማድረቂያ ወረቀት የለም። ከጋወናችን ላይ እናብሳለን። ይኼም ውሃ ካለ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ፓምፑ ሲበላሽ ባዶውን ይቀመጣል፤ እኛም በጀሪካን ነው የምንሠራው። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ ቧንቧ ሲደርቅ መሳቅም ያምራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን አያስቅም። ከደሙ ንጹሕ ነኝ ያለው ጲላጦስ እንኳ ውሃ ቀርቦለት ነው የታጠበው።

ሁለተኛው አልኮሉ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን። እጅ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ወይም ደም ከሌለበት በአልኮል ማሸት ይበቃል። እንዲያውም ይሻላል። የሳሙናና የውሃው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። የአልኮሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው፤ አልጋው አጠገብ ቆመን፣ ሞኒተሩን እያየን ይሆናል። የእኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የአልኮል መያዣ አለ። ስድስቱም ባዶ ናቸው። አልኮሉ ያለው ግምጃ ቤት ነው። ለማውጣት ሞዴል 20 የሚባል የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፣ አስተባባሪ ይፈርማል፣ ኃላፊ ያጸድቃል፣ ከዚያ በሞዴል 22 ይወጣል። ግምጃ ቤቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ዓርብ ማታ ያለቀብን አልኮል እስከ ሰኞ አልቋል ማለት ነው። ጀርም ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አያርፍም። ለጥንቃቄ ብላችሁ እንደሆነ ይገባናል፤ ንብረት ይጠፋል፣ ኦዲትም አለ። ግን አልኮል የተቆለፈበት ሆስፒታል «አልታጠባችሁም» ብሎ መክሰስ የለበትም።

በዚህ ላይ ከውጭ ካልተገዛ የሚባለው አይገባንም። በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜ የራሳችን ፋርማሲ ሠርቶት ያውቃል። አሠራሩ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያወጣው ነው። ለ10 ሊትር 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር። የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ወይም ዲስቲልድ ውሃ ነው። ከዚያ 72 ሰዓት ይቀመጣል፤ አልኮሉ ወይም ጠርሙሱ ላይ ያለ የጀርም ዘር እንዲሞት። አለቀ። በ2014 ጦርነቱ መጥቶ ብዙ ነገር ተዘረፈ፣ ይኼም ሥራ ቆመ። እሺ። ግን ያኔ የጠፋው መለኪያና ጀሪካን ነው። የሠሩት ልጆች አሁንም ፋርማሲው ውስጥ አሉ። ጠይቁአቸው፤ አሠራሩን በቃላቸው ያውቁታል።

ግሊሰሮሉ ለምን እንደሚገባ ልንገራችሁ፤ የተረሳች ባልደረባ ስላለችን። ቆዳ እንዳይደርቅ ነው። አሁን የምንታጠበው በዱቄት ሳሙና ነው። አንዳንዴም ሳሙና ሲያልቅ የወለል በረኪና አቅጥነን እጃችንን እንነክርበታለን፤ መሆን የሌለበት ነው፣ እናውቃለን። የደሴ ብርድና የጦሳ ንፋስ ሲጨመርበት እጅ ይሰነጠቃል። ከተለጠፉት አንዷ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ይደማል። የተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ያሳድራል፤ ደግሞም ውሃ ሲነካው ያቃጥላል፣ ሰው መታጠብ ይፈራል። እሷ በቁጥር «ያልታጠበች» ናት። ቫዝሊን የሚገዛላት የለም፤ ማስጠንቀቂያ ግን ተሰጥቷታል።

ሦስተኛው የሥራው ብዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ጊዜያት አሉ ይላል። በሽተኛ ከመንካት በፊት። መርፌ፣ ካቴተር የመሰለ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት። ደምና ፈሳሽ ከነካ በኋላ። በሽተኛውን ከነካ በኋላ። አልጋውን፣ ሞኒተሩን፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካ በኋላ። ከባቲ የመጡ አንዲት እናት ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይተው «እኔም በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ አደርጋለሁ» ብለውን ነበር። «በቀን አይደለም እማማ፣ በሰዓትም አይበቃ» ስላቸው ሳቁብኝ፤ ቀልድ መሰላቸው።

አንድ ሌሊት ራሳችን ቆጠርን። ሦስት በሽተኛ የያዘች አንዲት ነርስ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት 120 ጊዜ መታጠብ ነበረባት። በሳሙናና በውሃ በአንድ ደቂቃ ብታደርገው ሁለት ሰዓት ነው፤ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ሳንቆጥር። በአልኮል ቢሆን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ስሌት ደግሞ ይኼንኑ አሳይቷል። 12 የጤና ባለሙያዎች ያሉበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁሉም ሕጉን ሙሉ በሙሉ ቢጠብቅ፣ በሳሙናና በውሃ በአንድ የቀን ፈረቃ 16 የነርስ ሰዓት ይሄዳል። አልጋው ጋ ባለ አልኮል 3 ሰዓት ብቻ። እኛ ደግሞ ሌሊት 12 አይደለንም። ሁለት ነን።

ተቆጣጣሪዎቹ የመጡት መቼ ነበር? ጠዋት 3 ሰዓት። አልጋ 5 ልቡ ቆሞ ደረቱን እየተጫንን ሳለ። 20 ደቂቃ ቆመው ጻፉ፣ ሄዱ። ልብ የቆመ ሰው ላይ ማን ምን እንዳደረገ ቢጠይቁን እንነግራቸው ነበር።

አራተኛው፣ ከሁሉ የከነከነን፣ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፉት ናቸው። በማንም ላይ ጣት ልንጠቁም አይደለም። ግን ጠዋት ራውንድ (የሐኪሞች የአልጋ ጉብኝት) ሲወጣ ዘጠኝ አሥር ሰው ነው የሚገባው። ሐኪሞች፣ ኢንተርኖች፣ ተማሪዎች። አልጋ 1 ላይ የተነካ ሆድ በዚያው እጅ አልጋ 6 ይደርሳል። የራጅ ባለሙያው የራጅ ማንሻ ሰሌዳውን (ካሴቱን) ከጀርባ ሥር ያስገባል። ቬንትሌተር የሚጠግነው ይመጣል። እንግዳ ሲኖር ከእናንተ መካከልም ገብታችሁ አልጋውን ተደግፋችሁ ታስረዳላችሁ። ከማንኛችሁም ስም የለም። ጄኔቫ ውስጥ ዲዲየር ፒቴት የሚባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ባጠኑት ጊዜ፣ ሐኪሞች ከነርሶች ያነሰ ይታጠቡ ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ከሌሎቹ ክፍሎች ዝቅ ያለ ነበር፤ ሥራ በበዛ ቁጥር መታጠብ ይቀንሳል። እነሱ ግን ስም አልለጠፉም። አልኮሉን አልጋው ጋ አደረጉ፣ ውጤቱን ለየክፍሉ እየነገሩ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 መታጠቡ ከ48 በመቶ ወደ 66 በመቶ ወጣ። ሆስፒታል ውስጥ የሚያዘው ኢንፌክሽንም እስከ 1998 ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ።

ከእነሱ በፊት ደግሞ ሴመልቫይስ የሚባል ሐኪም አለ። ቪየና፣ እ.ኤ.አ. 1847። ወላድ እናቶች በሐኪሞች ክፍል በትኩሳት ያልቁ ነበር። እሱም እንደናንተ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ «እጅ ታጠቡ» የሚል። ግን ከበሩ ሥር የክሎሪን ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጦ ነበር። በሚያዝያ 18 በመቶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። በኋላ ግን ተናደደ፣ ባልደረቦቹን በደብዳቤ «ነፍሰ ገዳይ» እያለ ሰደበ። ስድቡ ማንንም አላስታጠበም።

እኛ የሠራልንን እንንገራችሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ከኪሳችን አዋጥተን ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ትልቅ የአልኮል ጠርሙስ ገዛን። ሐኪሞቹን «እጅዎን ይታጠቡ» ማለት ለእኛ ከባድ ነው። ማን ደፍሮ ስፔሻሊስት ያዛል? አንዷ ታናሻችን ግን ብልሃት አመጣች። ራውንድ ሲጀመር ጠርሙሱን ይዛ ከፊት ሆነች። ከእያንዳንዱ አልጋ በፊት ዝቅ ብላ «ዶክተር፣ ላስታጥብዎ» አለች። በቃ። ወሎ ቤት ውስጥ ማዕድ ሲቀርብ ታናሽ ያስታጥባል፤ ታላቅ እጁን ይዘረጋል። ማን ይቆጣል? ትልቁ ሐኪማችን ሳቁ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ «ተባረኪ» አሉ። ከእሳቸው በኋላ ተማሪው ሁሉ ተሰለፈ። አስታማሚዎችም ለመዱት። የበሽተኛ አክስት ገብታ «አፊያ ያድርግህ» ብላ ግንባር ከመንካቷ በፊት እጇን ትዘረጋ ጀመር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድም ሰው አልተሰደበም። ከዚያ ጠርሙሱ አለቀ። ደመወዝም አልቆ ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኼ ነው።

ዝርዝሩ ከሰሌዳው ይውረድ። ማስጠንቀቂያው ከየፋይላችን ይውጣ። የእጅ ንጽሕና ይታይ፣ ይቆጠር፤ አንቃወምም። ግን ራውንድ የሚገባው ሁሉ ይቆጠር፣ ሌሊትም ይታይ፣ ውጤቱም በክፍል ደረጃ ለእኛው ይነገረን እንጂ ካርድ ክፍል ፊት አይሰቀል።

ለስድስቱም አልጋ አልኮል ይቀመጥ፤ ሲያልቅ በዚያው ቀን ይተካ። ለሌሊትና ለቅዳሜ እሑድ የሚሆን መጠባበቂያ ክፍሉ ውስጥ ይሁን። ቁልፉን ተረኛዋ አስተባባሪ ትያዝ፣ ፈርማም ትረከብ። አልኮል ይቃጠላልና ከኦክስጅኑና ከእሳት ርቆ የሚቀመጥበትን እኛው እናዘጋጃለን።

ፋርማሲው ማምረቱን እንደገና ይጀምር። የሚያስፈልጉት ጀሪካን፣ መለኪያ ሲሊንደርና አልኮል መለኪያ ብቻ ናቸው፤ ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

የቧንቧው መክፈቻ በክርን የሚከፈት ይሁን፣ ፓምፑም ይጠገን። ይኼ የአንድ ቀን የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው። የእጅ ቅባትም። እጇ የሚደማው ባልደረባችን እስኪድን ድረስ በሽተኛ የማይነካ ሥራ ላይ ትቆይ፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ሕመም ፈቃድ ይታይላት።

ሌሊት ሦስተኛ ነርስ ትጨመርልን። ይኼ በአንድ ቀን እንደማይሆን እናውቃለን። ግን ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚሆን ይነገረን።

በእኛ በኩል ጓንት ከአልጋ አልጋ ይዞ መሄድ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም ተስማምተናል። አንዱ ሲረሳ ሌላው «ላስታጥብህ?» ይለዋል። ማንም አይቀየምም ተባብለናል። ቁጥሩንም ራሳችን እየያዝን በየወሩ እናቀርብላችኋለን፤ መጥፎ ቢሆን እንኳ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ደግሞ ስማችን ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር አስቀምጡልን። ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሰውም ይታጠብባት።

ከአክብሮት ጋር፣

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተረኛ ነርሶች እና የጽዳት ሠራተኞች
ደሴ